በእርሷ ጣት

ከምሳ የተመለሱት ጫኞች፣ ባዶ መሆኑን በሚያውቁት በሰባተኛው ክፍል በር ራስ ላይ ጋዝ ሲለቀቅ የሚበራው ቀይ መብራት በርቶ ባዩ ጊዜ፣ በመጀመሪያ አምፖሉ የተበላሸ መስሏቸው ነበር። ቀጥሎ ግን ከበሩ ሥር ጎን ለጎን የተቀመጠውን የሥራ አስኪያጁን ጫማ አዩ።

ጋዙን ዘግተው፣ በሩን በርግደው፣ አየር እስኪገባ እየተቁነጠነጡ ጠብቀው ገቡ። ሰውዬው በስስ ፍራሽ ላይ መዳፉን ከጉንጩ ሥር አድርጎ ተኝቷል። ጮኸው ጠሩት፤ አልሰማም። በገላው ላይ ጭረት፣ በአንገቱ ላይ ሰንበር አልነበረም። ሞት ኮቴውን ሳያሰማ ገብቶ፣ ኮቴውን ሳያሰማ ወጥቷል።

መጋዘኑ የፖም መጋዘን ነው። ወፍራም ግድግዳ ያላቸው ዘጠኝ ቀዝቃዛ ክፍሎች አሉት። ፍሬው እንዳይበስልና እንዳይበሰብስ፣ የክፍሉ አየር ወጥቶ በምትኩ ናይትሮጅን የሚባለው ጋዝ ይሞላበታል። ጋዙ ሽታ የለውም፤ ቀለምም የለውም። ፍሬውን ያስተኛዋል፤ ሰውንም ያስተኛል። ፍሬው በወራቱ ይነሣል፤ ሰው ግን አይነሣም።

ሟቹን ሠራተኞቹ «ብረቱ» ይሉት ነበር፤ ሲያዝ የማይታጠፍ፣ ሲለመን የማይሞቅ ሰው ነበርና። የምሳ ሰዓት ሲደርስ ከውጭው ሙቀት ሸሽቶ፣ ባዶ በሆነው ክፍል በሩን ዘግቶ ማሸለብ ልማዱ ነበር። ይህን የማያውቅ ሠራተኛ አልነበረም።

ኢንስፔክተሩ ደፉ ላይ ቆሞ ጫማውን ለረጅም ጊዜ ተመለከተ። በጥንቃቄ ከተቀመጠ ጫማ ላይ የሚነበብ ነገር አለ፤ ባለቤቱ ተመልሶ እንደሚያጠልቀው እርግጠኛ ነበር።

«ጋዙን የከፈተ ማን ነው?» ሲል ጠየቀ።

ሁሉም በአንድ አፍ የጋዝ ተቆጣጣሪዋን ጠሩ።

*

ተቆጣጣሪዋ ጸጉሯን በሻሽ የጠቀለለች፣ ዕድሜዋ ወደ ጉልምስና የገፋ ሴት ናት። በምርመራ ክፍሉ ውስጥ ተቀምጣ የቀኝ እጇን ጣቶች በግራ እጇ ጨብጣለች፤ እንዳያመልጧት የፈራች ይመስላል።

«ምን እንዳደረጉ ከመጀመሪያው ይንገሩኝ» አላት።

«የሁልጊዜውን ነዋ! ሦስተኛው ክፍል ጠዋት ለጭነት ይከፈታል። ምሳ ከመውጣቴ በፊት መልሼ ጋዝ አዝለታለሁ። ኮምፒውተሩ ላይ የሦስተኛውን ክፍል ሥዕል ነካሁ፣ ጋዙ የሚቆይበት ሰዓት ላይ ሰባት ብዬ ጻፍኩ፣ 'ላክ' የሚለውን ተጫንኩ። ምሳ ዕቃዬን ይዤ ወጣሁ። በቃ።»

«ትእዛዝዎን በተቀበለው ዋና ኮምፒውተር፣ በሰርቨሩ ላይ የተመዘገበው ግን ክፍል ሰባት፣ ለሦስት ሰዓት ነው የሚለው።»

«የፈለገውን ይበል! እኔ ጣቴን አላውቀውም?»

«ከሟቹ ጋር ቅያሜ ነበራችሁ?»

«ከብረቱ ጋር ያልተቀያየመ ማን አለ፣ ጌታዬ? ግድግዳው ራሱ ተቀይሞታል።»

ይህን ብላ ሳትጨርስ ከውጭ ድምፅ ተሰማ። የሟቹ ታላቅ ወንድም ነበር። «ያቺን ሴትዮ አውጡልኝ! የወንድሜን ደም ውሻ አይልሰውም! እናንተ ብትለቋት እኔ አለቃትም!» ፖሊሶች ሲገፉት፣ እርሱም ሲገፋቸው ይሰማል።

ሴትዮዋ ዐይኗን ጨፈነች። «ልጆቼን እህቴ ቤት ደብቄያቸዋለሁ» አለች። «ብታስሩኝ ማን ያበላቸዋል? ብትለቁኝ ደግሞ ይኸው ሲዝት እየሰሙት ነው። ወዴት ልግባ?»

ኢንስፔክተሩ ነገሩን ወደ ሌላ አዞረው። «በዚህ ጋዝ ከዚህ በፊት የሞተ ሰው አለ?»

«አንድ ጫኝ ልጅ ነበር» አለች። ድምፅዋ በድንገት ለሰለሰ። «ክፍሉ ጋዝ እንዳለበት ነግሬው ነበር፤ አልሰማኝም፤ በገዛ እጁ ገባ።»

ኢንስፔክተሩ ቀና ብሎ አያት። ሌላውን ሁሉ እያቃሰተች፣ እየተደናቀፈች ነበር የተናገረችው። ይህን ግን እንደ ተጠና ጸሎት አንድም ቃል ሳትስት አወረደችው።

*

ጋዙ የሚታዘዝበትን የኮምፒውተር ገጽ የሠራው ፕሮግራመር ቢሮው ከመጋዘኑ ማዶ፣ በከተማዋ ሌላ ጫፍ ነው። ቀጭን፣ ድምፀ ለስላሳ ወጣት ነው። ብረቱ በሞተበት ሰዓት ከባልደረቦቹ ጋር በአንድ ገበታ ሲበላ ነበር፤ ሁሉም መስክረውለታል። ወሬው እንደ ደረሰው ከማንም ቀድሞ ወደ መጋዘኑ መጥቶ፣ የተቆጣጣሪዋን ኮምፒውተር አጥፍቶ አብርቶ፣ የሰርቨሩን መረጃ አውጥቶ ለፖሊስ ያስረከበው እርሱ ነው።

«እስቲ እንደማያውቅ ሰው አስረዳኝ» አለው ኢንስፔክተሩ። «እንደምታየው አላውቅም።»

ወጣቱ ፈገግ አለ። «ቀላል ነው፣ ኢንስፔክተር። ገጹ ላይ የሚሠራው ጃቫስክሪፕት የሚባለው ቋንቋ ነው። እትዬ የክፍሉን ሥዕል ስትነካ አንድ ቁጥር ይይዛል። ሰዓቱን ስትጽፍ ሌላ ቁጥር ይይዛል። 'ላክ' ስትለው ሁለቱን አንድ ላይ አስሮ ወደ ሰርቨሩ ይልካቸዋል። እዚያ ጋዙን የሚከፍት ፕሮግራም አለ፤ የሚቀበላቸው እርሱ ነው።»

«ሁለቱም ቁጥር ናቸው አልክ። የቱ ክፍል፣ የቱ ሰዓት እንደሆነ በምን ይለያቸዋል?»

«በተራቸው። ፊት የደረሰው ክፍል ነው፤ ተከትሎ የደረሰው ሰዓት ነው።»

«ስማቸውን አይጠይቅም?»

ወጣቱ እስክሪብቶውን በጠረጴዛው ላይ አንከባለለ። «ስም ለጥፎ መላክ ይቻላል። ይህ ግን ሲሠራ እንደዚያ አልተሠራም።»

«እንግዲያውስ መታወቂያ የማይጠይቅ በረኛ ነዋ!»

«ጥሩ ብለውታል» አለና ሣቀ። ሣቁ ግን ቶሎ ጠፋ። «እትዬ ክፉ ሰው አይደለችም፣ ኢንስፔክተር። ተሳስታ ይሆናል። ብቻ... የተመዘገበው ነገር ለማንም አያዳላም።»

ኢንስፔክተሩ አመስግኖት ወጣ። ደረጃውን ሲወርድ አንድ ነገር ከነከነው። የወጣቱ ሐዘኔታ ከአፉ ወጣ እንጂ ከዐይኑ አልወጣም። ይሁን እንጂ ደረቅ ዐይን ወንጀል አይደለም።

*

በዚያ ሰሞን ጣቶች ሁሉ ወደ ሌላ ሰው መቀሰር ጀመሩ። የጥገና ሠራተኛው፣ «ቡሎን» የሚሉት ድንክዬ ሰውዬ፣ ብረቱ በሞተበት ዋዜማ «አንድ ቀን ከፖሙ ጋር አሽገዋለሁ!» እያለ ሲዝት ሃያ ጆሮ ሰምቶታል። የጋዙ ቧንቧ በእጁ ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮም ከሥራ ቀርቷል።

ኢንስፔክተሩ አስጠራው። ቡሎን ጉንጩ እንደ ዳቦ ተነፍቶ፣ አፉን በመሐረብ ደግፎ መጣ።

«ዝተሃል?»

«ዝቻለሁ፣ አለቃ። የዛትኩትን ሁሉ ብፈጽም ኖሮ ይህ ከተማ ሰው አይኖረውም ነበር።»

«የት ነበርክ በምሳ ሰዓት?»

ቡሎን መሐረቡን አንሥቶ አፉን ከፈተ። በመንጋጋው ላይ ጥቁር ጎድጓዳ ታየ። «እዚህ ነበርኩ። ጠዋት ሥራ ገብቼ፣ ኮምፒውተሬ ላይ የጋዙን ገጽ ከፍቼ፣ ጥርሴ ቢነሣብኝ እንዳለ ጥዬው ወደ ክሊኒክ ሮጥኩ። ሐኪሙ አንድ እግሩን ደረቴ ላይ አድርጎ ነው የነቀለው፤ ሄደው ይጠይቁት፣ እርሱም ወገቡን አሞታል። ካላመኑኝ ጥርሱ ኪሴ ውስጥ አለ።»

«ኪስህ ውስጥ ይቆይ» አለ ኢንስፔክተሩ። ሐኪሙ ተጠየቀ፤ ቡሎን እውነቱን ነበር።

«ከዚያ ወዲህ ወደ ሥራ አልተመለስክም?»

«በምን አፌ? ዛሬ ቢጠሩኝ ነው የመጣሁት። ስመጣ ግን አንድ ነገር አናደደኝ፣ አለቃ። ሦስተኛው ክፍል ያለው ፖም ቀልቷል፤ ለስልሷል። ያን ቀን ጠብታ ጋዝ አልገባለትም። እትዬ ደግሞ ፀሐይ መውጣት ትረሳለች እንጂ ሦስተኛውን ክፍል አትረሳም!»

ኢንስፔክተሩ ብድግ አለ።

ወደ ተቆጣጣሪዋ ጠረጴዛ ሄዶ ገጹን አስከፈተ። ዘጠኙ ክፍሎች በሥዕል ተደርድረዋል፤ የሚጻፍበት ቦታ አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም የሰዓቱ ነው። ሥዕል ይነካል እንጂ አይጻፍም። ስለዚህ ሰው እጁ ስቶ የክፍሉን ቁጥር በሰዓቱ፣ የሰዓቱን በክፍሉ ቦታ ሊያኖር አይችልም። ወጣቱ «ተሳስታ ይሆናል» ያለው ነገር፣ በሠራው ገጽ ላይ የማይቻል ስሕተት ነበር። ሴትዮዋ ልትገድል ፈልጋ ሰባተኛውን ነክታ ከሆነ ደግሞ፣ የሦስተኛውን ትእዛዝ ቀጥላ ብትሰጥ ማን ይጠረጥራት ነበር? አልሰጠችም። ሰጥቻለሁ ብላ አምና ምሳዋን ልትበላ ሄደች። ሦስትና ሰባት ከእጇ ሲወጡ በተራቸው ነበሩ፤ ቦታ የተለዋወጡት በመንገድ ላይ ነው።

ሆኖም ገጹን ደጋግሞ ቢሞክረው፣ ሦስት ሲለው ሦስት፣ አራት ሲለው አራት ሆነ። ምንም እንከን አልተገኘበትም።

«ቡሎን» አለ በመጨረሻ፣ «ያን ቀን ጠዋት እንዳለ ጥዬው ሮጥኩ ያልከው ኮምፒውተር አሁን የት ነው?»

«ክፍሌ ነዋ። ቁልፉ እኔ ጋ ነው። እንደ ተከፈተ ይሆናል፤ እኔ የከፈትኩትን መዝጋት አላውቅበትም። ሚስቴም ይህንኑ ትለኛለች።»

አብረው ገቡ። ጥቂት ቆይተው ሲወጡ ቡሎን እብጠቱ የጠፋ እስኪመስል ድረስ ፊቱ ጠቁሯል። ኢንስፔክተሩ በጆሮው አንድ ነገር ነገረውና ወደ ቧንቧዎቹ ላከው።

*

በማግሥቱ፣ ከምሳ በፊት፣ አራት ሰዎች በመጋዘኑ መተላለፊያ ቆሙ፤ ተቆጣጣሪዋ፣ ቡሎን፣ የሟቹ ታላቅ ወንድምና ፕሮግራመሩ። ታላቅ ወንድም ሴትዮዋን በዐይኑ ይበላታል፤ በመካከላቸው ሁለት ፖሊሶች ቆመዋል።

«የሆነውን መልሰን እንሞክራለን» አለ ኢንስፔክተሩ። «አንድ ፖሊስ ለሁለተኛው ክፍል የአምስት ሰዓት ጋዝ ያዛል። ጋዝ ነውና ለጥንቃቄ ሁላችሁም ከሁለተኛው ርቃችሁ፣ እዚህ ባዶው አምስተኛ ክፍል ውስጥ ቁሙልኝ።»

«ከእርሷ ጋር አንድ ክፍል?» አለ ታላቅ ወንድም።

«ፖሊሶቹም አብረው አሉ። ይግቡ።»

ሰውዬው እያጉረመረመ ገባ። ተቆጣጣሪዋ እንደ በግ ተከተለች። ቡሎንም «እኔ እንኳ ቅዝቃዜው ለጥርሴ ይጠቅመኛል» እያለ ገባ። ፕሮግራመሩም ስልኩን እየነካካ እግሩን ወደ ደፉ አነሣ።

«ይህንንም ልንገራችሁ» አለ ኢንስፔክተሩ እንደ ዘበት፣ «ትእዛዙ የሚሰጠው ከእትዬ ኮምፒውተር አይደለም። ከቡሎን ነው። ከዚያን ቀን ጠዋት ጀምሮ ገጹ እንደ ተከፈተ ነው፤ አንድ ጊዜ እንኳ አልታደሰም።»

የወጣቱ እግር ከደፉ ተመለሰ።

ሁለቱን ቁጥሮች በመንገድ የሚያለዋውጠውን ኮድ በሰርቨሩ ላይ ማረም ቀላል ነው፤ ያን ቀን ከሰዓት በኋላ አርሞታል። የተቆጣጣሪዋንም ኮምፒውተር በገዛ እጁ አጥፍቶ አብርቶታል። ነገር ግን በአንድ መስኮት ላይ ተከፍቶ የቀረ ገጽ፣ እስኪታደስ ድረስ የተከፈተበትን ቀን ኮድ ይዞ እንደሚኖር እንደ እርሱ የሚያውቅ ሰው በዚያ ቤት አልነበረም።

«አትገባም?» አለው ኢንስፔክተሩ።

«እዚህ ይሻለኛል።»

«ጋዙ የሚሄደው ወደ ሁለተኛው ነው እኮ።»

«አውቃለሁ።»

«ጥሩ» አለ ኢንስፔክተሩ፤ ወደ መተላለፊያው ጫፍም ድምፁን ከፍ አድርጎ «ላክ!» አለ።

ወጣቱ አምስተኛውን ክፍል አየ። ሴትዮዋን አየ፤ የብረቱን ወንድም አየ፤ ፖሊሶቹን አየ። ከዚያ ዐይኑ ጉንጩን ደግፎ ከቆመው ድንክዬ ላይ ዐረፈ።

«ቡሎን!» ብሎ ጮኸ። «ቡሎን፣ አንተ ውጣ! ና ውጣ እልሃለሁ!»

በአምስተኛው ክፍል በር ራስ ላይ ቀዩ መብራት ቦግ አለ። ሁለተኛው ጨለማ ነበር።

ከክፍሉ ማንም ሮጦ አልወጣም። ቡሎን ራሱን ነቀነቀ። «ዋናውን ቧንቧ ትናንት ዘግቼዋለሁ፣ ወንድሜ» አለ ቀስ ብሎ። «መብራቱ ብቻ ነው። ለእኔ ስላሰብክ ግን... ምን ልበልህ?»

«አምስት ሰው ነበር እዚያ ውስጥ» አለ ኢንስፔክተሩ። «ለምን እርሱን ብቻ ጠራህ?»

ወጣቱ ሣቀ። የመጀመሪያው ሣቁ አልነበረም። «የወንድሜን ሬሳ ተሸክሞ ያወጣው እርሱ ብቻ ስለሆነ።»

*

«ያ ጫኝ ልጅ የእናቴ ልጅ ነው» አለ። እጁ ታስሯል፤ ድምፁ ግን ተፈትቷል። «አባታችን ለየቅል ነው፤ ስማችን አይገናኝም፤ ማንም አልጠረጠረም። ብረቱ ክፍሉ በጋዝ እንደ ተሞላ እያወቀ፣ ጭነት እንዳይዘገይበት 'ግባ' አለው። መብራቱም የዚያን ጊዜ አይሠራም ነበር። ከሞተ በኋላ ይቺ...» ወደ ተቆጣጣሪዋ ዞረ። እስከዚያን ቀን ድረስ «እትዬ» ይላት የነበረውን ሴት «አንቺ» አላት። «አንቺ ምን አልሽ? 'ነግሬው ነበር፣ አልሰማኝም፣ በገዛ እጁ ገባ።' እናቴ በለቅሶው ላይ አንገቷን ደፍታ ተቀመጠች፤ ልጇ ሞቶም እንደ ቀበጥ ተቆጠረ!»

ወጣቱ ወደ ኢንስፔክተሩ ዞረ።

«ይህን ሥራ የያዝኩት ለዚህ ነው። ብረቱን ብቻ ለመግደል ቢሆን መንገዱ ብዙ ነበር። ግን በእርሷ ጣት እንዲሆን ፈለግሁ። በምላሷ ወንድሜን እንደ ቀበረች፣ በጣቷ አለቃዋን ትቅበር። ከዚያ 'እኔ አይደለሁም' ትበል፣ ማንም አይመናት። እውነት ተናግሮ አለመታመን ምን እንደሆነ ትቅመሰው!»

«ቀምሳዋለች» አለ ኢንስፔክተሩ። ወደ ሴትዮዋ ዞረ። «ከዚህ ግድያ ነጻ ነዎት። አሁን ስለ ፊተኛው ልጠይቅዎ። ነግረውት ነበር?»

ለእርሷ ይህ ከሁሉ የከበደ ሰዓት ነበር። በሩ ተከፍቶላታል፤ ልጆቿ ወደሚጠብቋት ቤት መሄድ ትችላለች። የሚያስፈልገው ያንን የለመደችውን ዓረፍተ ነገር አንድ ጊዜ ደግማ ማለት ብቻ ነው። አፏን ከፈተች፤ «ነግሬው...» አለችና እጇን አየች።

«አልነገርኩትም» አለች። «ከሩቅ ሲገባ አይቼዋለሁ። ብረቱ አጠገቤ ቆሞ ነበር፤ ልጮህ ስል በዐይኑ ገሠጸኝ፤ ዝም አልኩ። ኋላ 'እንዲህ በዪ' አለኝ፤ አልኩ። ሥራዬን ፈራሁ።»

ያን ሁሉ ቀን ሲፎክር የነበረው የብረቱ ታላቅ ወንድም ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ አለ። ደሙን ሊመልስለት የመጣው ወንድሙ በደለኛ ሆኖ ተገኘበት። ቀና ብሎ ወጣቱን አየው፤ ሴትዮዋን አየ፤ የሚሰድበውን መምረጥ አቃተው።

ወጣቱ ግን ማንንም አላየም። «ይህቺን ታህል ነበረች?» አለ። «አንዲት ቃል? ያኔ ብትያት ኖሮ...» አልጨረሰውም። ፖሊሶቹ ይዘውት ሄዱ።

ቂመኛ ሁሉ የጠላቱን ጉድጓድ ሲቆፍር ርዝመቱን በራሱ ቁመት ይለካል። ኢንስፔክተሩ ይህን ለማንም አልተናገረም፤ የሴትዮዋን ቃል ተቀብሎ አስፈረመና በሐሰት ምስክርነት እንደምትከሰስ በጨዋ አንደበት ነገራት። እርሷም «ይገባኛል» አለች።

*

የወጣቱ እናት የሚኖሩት በጠባብ ሰፈር፣ ቀለሙ በተላጠ ቤት ነው። ከበሩ ኋላ ያረጀ የጫኝ ቡትስ ጫማ ተቀምጧል፤ አቧራ የለበትም። ወሬው ቀድሞት ደርሷል፤ ኢንስፔክተሩ ባርኔጣውን አውልቆ ሲገባ አሮጊቷ አልተነሡም።

«ተናገረች?» አሉት።

«ተናግራለች፣ እማማ። አስፈርሜያታለሁ። ጫኙ ልጅዎ ጥፋት አልነበረበትም፤ ሰው እያየው ነው የሞተው። ይህንንም በሰው ሁሉ ፊት ነው ያለችው።»

አሮጊቷ እጃቸውን በእጃቸው ላይ አኖሩ። አላለቀሱም።

«ሁለት ነገር ነበር አደራ ያልኩት» አሉ። «'በመጀመሪያ የወንድምህን እውነት አውጣልኝ፤ ከዚያ ቂሙን ቅበርልኝ' ነው ያልኩት። ሁለቱን አንድ ላይ ነገርኩት፤ ሁለቱን አንድ ላይ ይዞ ከዚህ በር ወጣ።»

ኢንስፔክተሩ ባርኔጣውን በእጁ እያዞረ ሊሰናበታቸው ተነሣ። ደጃፉ ላይ ሲደርስ ከኋላው ጠሩት።

«እውነቱስ ወጣልኝ፣ እሺ» አሉ። «ቂሙን አሁን ማን ይቅበርልኝ? የሚቀብር ልጅ አልቀረኝም።»